ልጅዎ በስንተኛው እርከን ላይ ነው?

በቅርቡ ላፍቶ ላይ ከዒሻ ሶላት በኋላ አንዲት እናት «ኡስታዝ፣ የልጄ ልብስ ሺሻ ሺሻ ይሸተኛል፤ ምን አጉድዬበት ነው?» አሉኝ።

ኪት ዙሊግ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና ከ5,000 የሚበልጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ጠይቀው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2001 አሳተሙ። ሲጋራ፣ መጠጥና አደንዛዥ ዕፅ የሚወስዱት በሕይወታቸው ያላቸው እርካታ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሱሱ እርካታን ይንሳ፣ ወይስ እርካታ ማጣት ወደ ሱስ ይግፋ፣ ጥናቱ አይፈርድም። ስለዚህ ሁለቱንም መጠየቅ አለብን።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረውና 3,000 ልጆችን የተከታተለው «ያንግ ላይቭስ» ጥናት ዘጠኝ እርከን ያለው መሰላል ያሳያቸዋል። ላይኛው እጅግ የተሻለው ኑሮ፣ ታችኛው የከፋው ነው። «አሁን የቱ ላይ ነህ?» ይባላሉ።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ትምባሆ መሸጥን ከልክሏል። የልጅን ሆድ ማወቅ ግን የወላጅ አማና ነው። ሉቅማንም ልጁን የመከረው በፍቅር ጠርቶ ነው። ዛሬ ማታ «የት አመሸህ?» ከማለታችን በፊት መሰላሉን ወረቀት ላይ እንሣልለት፤ ሲናገርም ሳናቋርጥ እንስማው።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። አሚን።