ዋስ ጥሩ

ውድ የዕርቅ ሥልጠና ተመራቂዎች፤

ከእንግዲህ የአቲቆት ሰፈር ሰው ሲጣላ የሚጠራው እናንተን ነውና በቀጥታ ስለ ሥራችሁ ልናገር። ጎንደር ሳለን ደም የተቃቡ ሲታረቁ ሽማግሌዎች ሁለቱንም ወገን ለየብቻ ይሰሙ ነበር። በዳይ በደሉን ያምናል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ከዚያም ዋስ ይጠራል። ዋሱ የሚከበር ሰው ነው፤ በዳይ ቃሉን ቢያጥፍ ተጠያቂው እሱ ነው።

ወደ እስራኤል ከመጣን ወዲህ ከመንግሥትና ከፖሊስ ጋር ያለን ቅሬታ ለምን ደጋግሞ እንደሚያገረሽ ሳስብ፣ የጎደለው ይኸው ዋስ ነው እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1985 ወላጆቻችን አይሁድነታቸው ሲጠረጠር ኢየሩሳሌም፣ ዋናው የረቢዎች መሥሪያ ቤት (ረባኑት) ደጃፍ ላይ አንድ ወር ያህል ተቀመጡ። በ1996 የለገስነው ደም በስውር ሲደፋ እንደኖረ ታወቀ። በ2015 ዩኒፎርም የለበሰ ወታደር ልጃችን ሆሎን ውስጥ በፖሊስ ተደበደበ። በ2016 መንግሥት ያቋቋመው የፓልሞር ኮሚቴ ዘረኝነቱ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም እንዳለ በጽሑፍ አመነ። ትልቅ ነገር ነበር፤ አላሳንሰውም። ለዚያ ቃል የቆመ ዋስ ግን አላየንም። በ2019 ወጣቱ ልጃችን ሰሎሞን ተካ ከሥራ ሰዓት ውጭ የነበረ ፖሊስ በተኮሰው ጥይት ሞተ፤ መንገዶች ተዘጉ፣ ጎማ ተቃጠለ።

ለቃላቸው ዋስ የጠሩ ሌሎች አሉ። ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች ሠላሳ ዓመት ያህል ከተገዳደሉ በኋላ በ1998 ተስማሙ። ፊርማው ላይ አላቆሙም። ፖሊሱ በ2001 በአዲስ ስም ተዋቀረ፣ ለአሥር ዓመት ያህል ከአዲስ ምልምሎች ግማሹ ካቶሊክ እንዲሆን ተደነገገ፣ በፖሊስ ላይ የሚቀርብ አቤቱታን የሚመረምር ነፃ መሥሪያ ቤትም ቆመ። ቅሬታው ዛሬም አለ፤ አቤት የሚባልበት በር ግን ይታወቃል።

እናንተም ወጣትና ፖሊስ ስታስታርቁ በመጨባበጥ ብቻ አትለያዩ። ልጁ ድንጋይ ወርውሮ ከሆነ ይመን፤ ፖሊሱም ያለ ምክንያት አስቁሞት ከሆነ ይመን። የጣቢያው አዛዥ ምን እንደሚለውጥ በዕብራይስጥም በአማርኛም ይጻፍ፣ የልጁ እናት ታንብበው። ማን እንደሚከታተለው በስሙ ይጠቀስ፤ ተመልሳችሁ የምትገናኙበት ቀን እዚያው ይቆረጥ። ሽማግሌዎቻችንንም ከጎናችሁ አስቀምጡ፤ ዋስ አጠራሩን ከእነሱ የተሻለ የሚያሳያችሁ የለም።