የሁለት ዓመቱ ኮንትራት የራሳችሁ ፕሮጀክት ነው

በቦሻር ለሚሠሩ እህቶች በዓርብ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

ከአል ኹዌር፣ ከጉብራ፣ ከአዛይባና ከጋላ የመጣችሁ አላችሁ። ለዚህች ሰዓት ስትሉ ስንቱን አሰናድታችሁ፣ ልጆቹን አብልታችሁ፣ የምሳውን ዕቃ አጥባችሁ እንደወጣችሁ ስለማውቅ ጊዜያችሁን አላባክንም።

አዘጋጆቹ ስለ ሥራዬ እንድነግራችሁ ጠይቀውኛል። ሥራዬ ፕሮጀክት ማስተዳደር ነው። ስሙ ሲሰማ ከባድ ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን ቀላል ነው። ፕሮጀክት ማለት መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ ገንዘብና ጊዜ የተመደበለት፣ ሲያልቅም በዓይን የሚታይ ነገር የሚተው ሥራ ነው። በየቀኑ ልብስ ማጠብ ፕሮጀክት አይባልም፤ ነገም ይመጣልና። ሠርግ ግን ፕሮጀክት ነው። ቤት መሥራትም ፕሮጀክት ነው። እናንተ የፈረማችሁት የሁለት ዓመት ኮንትራትም እንደዚያው ነው። የምታገለግሉት ቤት ሥራ የማዳም ነው፤ የሁለት ዓመቱ ፕሮጀክት ግን የእናንተ ነው፣ ሥራ አስኪያጇም እናንተ ናችሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ይህንኑ አንድ ነገር ነው።

ችሎታው አለን ወይ ትሉ ይሆናል። አላችሁ። አገር ቤት ድግስ ሲደገስ ያየች ሴት ሁሉ የሥራ ቅደም ተከተልን ታውቃለች። ብቅሉ ሳይበቅልና ሳይደርቅ፣ ጌሾው ሳይወቀጥ ጠላ አይጠመቅም። እንግዳው እሑድ የሚመጣ ከሆነ ሥራው የሚጀመረው ከሳምንታት በፊት ነው። እዚህም በረመዳን የኢፍጣር ሰዓት በደቂቃ ሲቆጠር ሾርባው፣ ሳምቡሳው፣ ሩዙና ቃህዋው እኩል እንዲደርሱ የምታደርጉት እናንተ ናችሁ። የትኛው ቀድሞ ይጣዳል፣ የትኛው ይጠብቃል፣ ምን ጎድሏል፣ ማን ያግዘኛል ብላችሁ ታስባላችሁ። ቢሮ ውስጥ ይህንኑ ኮምፒዩተር ላይ ይጽፉታል እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው። የቀረው ይህን ችሎታ ለራሳችሁ ኑሮ ማዋል ነው።

የመጀመሪያው ነገር መጨረሻውን መወሰን ነው። «ልለወጥ መጣሁ» የሚለው ምኞት ነው፤ መቼ እንደተሳካ አይታወቅም። «ሁለት ዓመት ስጨርስ ለልብስ ስፌት ሱቅ መነሻ ይዤ እገባለሁ»፣ ወይም «የታናሼን የሦስት ዓመት ትምህርት እከፍላለሁ» የሚለው ግን ዕቅድ ነው። መጨረሻው ያልተወሰነ ፕሮጀክት አያልቅም። ኮንትራቱ ይታደሳል፣ እንደገና ይታደሳል፣ ዓመቱ ይነጉዳል። ማደስ ክፉ ነው አልልም። አስባችሁበትና ሒሳብ ሠርታችሁ ይሁን እንጂ በእጃችሁ ምንም ስለሌለ ብቻ አይሁን።

ሁለተኛው ሒሳብ ነው። አባቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት ለዚህ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ላይ ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ ተነግሯል። እኛም እንቀመጥና እናስላ። ደመወዟ 100 ሪያል የሆነ እህት አለች እንበል። በ24 ወር 2,400 ሪያል ታገኛለች። ከየወሩ 40 ለቤተሰብ፣ 20 ለራሷ፣ 40 ለቁጠባ ብትመድብ መጨረሻ ላይ 960 ሪያል ይኖራታል። ደመወዛችሁ ሌላ ከሆነ ቁጥሩን ቀይሩት፤ አሠራሩ ያው ነው። ዋናው የቁጠባው ገንዘብ ደመወዝ በተቀበላችሁ ዕለት መለየቱ ነው። «የተረፈውን አስቀምጣለሁ» ካላችሁ አይተርፍም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የኦማን ሪያል ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ ሪያል ወደ 2.6 ዶላር ገደማ ነው፣ ይህም ለዓመታት አልተለወጠም። ብራችን ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው አሠራር ሲቀየር በአንድ ጊዜ ወርዷል። አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ የነበረው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ ከዚያ በፊት «ሱቁ ይህን ያህል ብር ይፈልጋል» ብላችሁ የያዛችሁት ቁጥር ዛሬ አይሠራም። የዕቃውም ዋጋ ተነሥቷል። ቁጠባችሁን በሪያል ቁጠሩ፤ የምትገዙትን ዋጋ ደግሞ በየስድስት ወሩ አገር ቤት አስጠይቃችሁ ሒሳቡን አስተካክሉ።

ሦስተኛው በጣም የሚያስቸግረው ነው፤ ስልኩ ነው። ማታ ደክሟችሁ ጋደም ስትሉ ይደወላል። የአክስት ልጅ ሠርግ አለ፣ ጣሪያው አፈሰሰ፣ ወንድም ሞተር ብስክሌት ፈለገ። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። በእኔ ሥራ ግንባታው ከተጀመረ በኋላ ባለቤቱ መጥቶ «አንድ ፎቅ ጨምሩልኝ» ሲል እምቢ አንለውም። «ይቻላል፤ ግን ይህን ያህል ገንዘብና ይህን ያህል ወር ይጨምራል፤ ትስማማለህ?» ብለን በጽሑፍ እንጠይቀዋለን። እናንተም እንዲሁ በሉ። «ወንድሜ፣ ሞተሩን ልገዛልህ እችላለሁ፤ ግን እዚህ ስምንት ወር መጨመሬ ነው። እናታችንን ጠይቃትና ተመካከሩ።» ይህ ክፋት የለበትም። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ጨካኝ ሆኖ ሳይሆን ሒሳቡን ስላላየ ነው። ሒሳቡን አሳዩት። ለድንገተኛ ሕመምና ለለቅሶ ደግሞ ከመጀመሪያው ትንሽ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ያኔ ዋናው ቁጠባ አይነካም።

አራተኛው ማስረጃ ነው። ሩቅ ያለ ሥራ በወሬ አይመራም። «ቤቱ ተጀምሯል» ሲባል ደስ ይላል፤ ግን መሠረቱ ወጥቷል? ግድግዳው ቆሟል? በማን ስም ነው? ፎቶ ይላክ፣ ደረሰኝ ይላክ። ለሥራው የሚሆነውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ አትላኩ። መሠረቱ ሲያልቅ ለግድግዳው፣ ግድግዳው ሲያልቅ ለቆርቆሮው ላኩ። ቁጠባው በራሳችሁ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፤ የላካችሁበትን ደረሰኝ ሁሉ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ውክልና ስትሰጡም ለየትኛው ሥራ እንደሆነ ለይታችሁ አጽፉ። በሕጋችን ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ነው፤ ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ ያልተረዳችሁትን ወረቀት፣ ወንድምም ቢልከው፣ አስነብቡና ፈርሙ። ደረሰኝ የምንጠይቀው ወንድማችንን ስለምንጠላው አይደለም። ሒሳብ የተጻፈበት ቤተሰብ ኋላ አይጣላም፤ ዕቁብ እንኳ በጸሐፊ ነው የሚሄደው።

አሁን በምትሠሩበት ቤት ወደሚገጥማችሁ ልምጣ። ማዳም «ወጥ ቤቱን አጽጂ» ትላለች፣ ሳትጨርሱ «ልጁን እጠቢ» ትላለች፣ ባባ ደግሞ ቃህዋ ይጠይቃል። ማታ «ለምን አልተጠናቀቀም?» ይባላል። እንዲህ ሲሆን በእርጋታ ጠይቁ፦ «ማዳም፣ ሦስቱንም እሠራለሁ፤ የትኛው ይቅደም?» ይህች ጥያቄ ምርጫውን ለአዛዧ ትመልሳለች። ጠዋትም የቀኑን ሥራ አብራችሁ ብትቆጥሩ ማታ የሚነሣው ቁጣ ይቀንሳል። የተሰበረ ወይም የተቃጠለ ዕቃ ካለ ሌላ ሰው ሳያየው ቀድማችሁ ንገሩ። መጥፎ ወሬ ሲዘገይ ይከብዳል። በየሳምንቱም አምስት የዐረብኛ ወይም የእንግሊዝኛ ቃል አጥኑ፤ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሣው ካለመግባባት ነው፤ ቋንቋው ደግሞ ከእናንተ ጋር አገር ቤት የሚገባ ሀብት ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ደመወዝ መከልከል፣ መመታት፣ ምግብ መነፈግ፣ መነካት በጥሩ አያያዝ የሚፈታ የሥራ ችግር አይደለም። በደል ነው። እናንተ ላይ ሲደርስ «እኔ አልቻልኩበትም ይሆን?» አትበሉ። ደመወዝ የተቀበላችሁበትንና ያልተቀበላችሁበትን ወር በቀኑ ጻፉ። የኮንትራታችሁን፣ የፓስፖርታችሁንና የመኖሪያ ካርዳችሁን ፎቶ ለምታምኗት አንዲት እህት ላኩ። ሳይመሽ ለሰው ንገሩ፤ እዚህ ያለን ሁሉ ለዚህ ነው ያለነው።

ሥራው ብዙ መስሎ ከታያችሁ እዚሁ ቦሻር ያለውን ትልቁን የሱልጣን ቃቡስ መስጊድ አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2001 ተመርቋል። በዋናው አዳራሽ የተነጠፈው ምንጣፍ 21 ቶን ይመዝናል፤ 1.7 ቢሊዮን ቋጠሮ አለው። 600 የኢራን ሴቶች በአራት ዓመት በእጃቸው ሠሩት። በአንድ ጊዜ አልተሸመነም፤ 58 ቁራጭ ሆኖ ተሠርቶ በኋላ ተጋጠመ። እያንዳንዷ ሴት ከፊቷ ያለችውን ቋጠሮ ነበር የምትቋጥረው። የእናንተም ምንጣፍ 24 ወር ነው፤ አንዱን ወር ብቻ ደኅና አድርጋችሁ ቋጥሩ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት ያዙና አራት መስመር ጻፉ። ይዤ የምገባው ምንድን ነው? መቼ ነው የምገባው? በየወሩ ስንት እለያለሁ? ገንዘቡ በማን ስም ይቀመጣል? በሚቀጥለው ወር ስንገናኝ ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ። መጻፍ የሚያስቸግራት ካለች አጠገቧ ያለችው ትጻፍላት፤ ቁጥሩን ግን ራሷ ትናገር።