ከመርፌው እስከ አምፕሊፋየሩ፤ የአሮጌ ሸክላ ማጫወቻ ገመድና የድምፅ ቅርሳችን

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ)



የዛሬው ርእሴ ሲሰማ የጥገና ባለሙያ እንጂ የዩኒቨርሲቲ መምህር ጉዳይ ላይመስል ይችላል። የምናገረው ከአሮጌ የሸክላ ማጫወቻ ወጥቶ አምፕሊፋየር ውስጥ ስለሚገባ፣ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ ገመድ ነው። መከራከሪያዬም አጭር ነው፤ ይህን ገመድ የሚመርጥ ሰው፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ የሚሰማውን ድምፅ አብሮ ይመርጣል።

ነገሩን ከታሪኩ እንነሣ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን ሲያቋቁም፣ ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ወጣቱ አሳታሚ ይህን አጥር ተሻግሮ በመጀመሪያ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አወጣ። ካይፋ ሬከርድስና ፊሊፕስም በዚያው ዘመን በርካታ ሸክላዎችን አሳትመዋል። ካሴት ገበያውን እስኪወርስ ድረስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለ45 ዙር ሸክላዎች በሕዝቡ እጅ ገቡ። ዛሬ ዋናው የቀረጻ ቴፕ ያልተገኘለት ዘፈን ሁሉ ያለው በእነዚያ ሸክላዎች ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ሸክላውን ወደ ዲጂታል ስንገለብጥ የምንገለብጠው ቅጂን ሳይሆን የቀረውን ምንጭ ነው።

አሁን ወደ ገመዱ እንምጣ። በተለመደው የማግኔት ካርትሪጅ ላይ መርፌው የሚያመነጨው ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ከሲዲ ማጫወቻ የሚወጣው ግን እስከ 2 ቮልት ይደርሳል። እንዲህ ደካማ የሆነ ምልክት በሚያልፍበት መንገድ ላይ ሁለት ነገሮች ያገኙታል።

የመጀመሪያው ካፓሲታንስ ነው። ካርትሪጁ በውስጡ ጥቅል ሽቦ አለው፤ ኢንዳክታንሱ 500 ሚሊሄንሪ ነው እንበል። የገመዱና የአምፕሊፋየሩ መግቢያ ካፓሲታንስ ተደምሮ 200 ፒኮፋራድ ቢሆን፣ ሁለቱ ተጣምረው የሚያስተጋቡት 16 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ላይ ነው። ድምሩ 500 ፒኮፋራድ ከደረሰ ግን ማስተጋባቱ ወደ 10 ሺህ ኸርዝ ይወርዳል። በዚያ አካባቢ ድምፁ ከልክ በላይ ይጎላል፤ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ በፍጥነት ይወድቃል። የዘፋኙ «ሰ» እና «ጸ» ጆሮ ይወጋሉ፤ የጸናጽሉ ርጋፊ ግን ይጠፋል። አድማጩም «የዚያን ጊዜ ስቱዲዮ እንዲህ ነበር» ብሎ ይደመድማል። ጥፋቱ የስቱዲዮው ላይሆን ይችላል፤ ትናንት የተገዛው ገመድ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ጉርምርምታ ነው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። የገመዱ መከለያ ጥልፍ ከሳሳ ወይም የግራውንድ ሽቦው ከተበጠሰ፣ ይህ 50 ኸርዝ ከሙዚቃው ጋር ይቀረጻል። በኮምፒውተር እናጸዳዋለን የሚሉ አሉ። ነገር ግን 50 ኸርዝ የባስ ጊታር ዝቅተኛ ድምፆች ያሉበት ሰፈር ነው፤ ጉርምርምታውን ስንቆርጥ ከባሱም ጋር እንቆርጣለን። በምንጩ የሚዘጋን ነገር በኋላ ማረም ዋጋ ያስከፍላል።

ታዲያ ገመዱ ከየት ይገኛል? ከመርካቶ። ለዚህ ንግግር ስዘጋጅ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆቹን ዞሬ፣ ምናለሽ ተራም ደርሼ ያገለገሉ ዕቃዎችን ተመልክቻለሁ። በየሱቁ የሚሰማው ቃል «ኦሪጅናል» ነው። ነጋዴው ሥራውን እየሠራ ነውና አልወቅሰውም፤ ሆኖም «ኦሪጅናል» መለኪያ አይደለም። መለኪያው በእጃችን ሊኖር ይገባል። ካፓሲታንስ የሚለካ መልቲሜትር ይዞ የሄደ ሰው፣ አንዱን ጫፍ ክፍት ትቶ በሌላው ጫፍ በመካከለኛው ሽቦና በመከለያው መካከል ይለካል፤ ለአንድ ሜትር ስንት ፒኮፋራድ እንደሆነም ያውቃል። ትንሽ ማግኔት የመካከለኛውን ሽቦ ከሳበ፣ ውስጡ መዳብ የተለበጠ ብረት ነው። ሽቦው ሲፋቅ ነጭ ከሆነና ማግኔት ካልሳበው አሉሚኒየም ነው።

ተማሪዎቼ ስለ ዲሽ ኬብል ይጠይቁኛል። በሜትር ከ50 እስከ 70 ፒኮፋራድ ገደማ ስለሆነ በካፓሲታንስ ረገድ መልካም ነው። ግን ደንዳና ነው፤ በምንጭ ላይ የተንጠለጠለን ማጫወቻ ይጎትታል። መከለያው አሉሚኒየም ሲሆን ደግሞ ለመበየድ ያስቸግራል። ለስላሳ፣ ጥልፉ ጥቅጥቅ ያለ የመዳብ ኮአክሲያል፣ ርዝመቱም ከሚያስፈልገው ያልበለጠ፣ ከሁሉ ይሻላል። የወርቅ ቅብ ጫፍ ዝገትን ይከላከላል፤ ካፓሲታንስን ግን አይቀንስም። ውድ መሆኑም ብቻውን ምስክር አይሆንም።

በሥራው ላይ «ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው አባባል በቀጥታ ይሠራል። በክንዱ ውስጥ የሚያልፉት ሽቦዎች እንደ ጸጉር የቀጠኑ ናቸው። በተለመደው ሥርዐት ነጭና ሰማያዊ የግራው፣ ቀይና አረንጓዴ የቀኙ ናቸው፤ ነጭና ቀይ አዎንታዊ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ አሉታዊ። ከአንዱ ወገን አዎንታዊና አሉታዊው ቢገለበጥ፣ የሞኖ ሸክላ ሁለቱ ወገኖች ሲደመሩ ይሰራረዛሉ፤ ዘፋኙም ከነባንዱ ይጠፋል። ስለዚህ ከመንቀል በፊት ፎቶግራፍ ማንሣት፣ የተነቀለውንም ገመድ ምልክት አድርጎ ማስቀመጥ ይገባል። ማጫወቻው ራሱ ቅርስ ነውና።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ብዙዎቹ የቤት ውስጥ ባለሻንጣ ማጫወቻዎች የሴራሚክ ካርትሪጅ ያላቸው ናቸው። እነዚህ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊቮልት ያመነጫሉ፤ የገመዱ ካፓሲታንስም የድምፁን መጠን ይቀንሳል እንጂ ከላይ ያልኩትን ማስተጋባት አያመጣም። ገመድ ከመቀየር በፊት ካርትሪጁን መለየት ይቀድማል።

ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር ለዲጂታል ግልበጣ ቢያንስ 48 ኪሎኸርዝና 24 ቢት እንዲሆን ይመክራል። እኛም ይህን ቁጥር በመዝገባችን ላይ በኩራት እንጽፋለን። እኔ የምጠይቀው በዚያው መዝገብ ላይ ሦስት መስመር እንዲጨመር ነው፤ የካርትሪጁ ዓይነት፣ የገመዱ ርዝመት፣ የጠቅላላው ካፓሲታንስ ልክ። ይህ ከተጻፈ፣ የነገው ተመራማሪ የዘመኑን ድምፅ ከእኛ ገመድ ድምፅ መለየት ይችላል። ካልተጻፈ ግን የእኛን ጉድለት የእነዚያ ሙዚቀኞች አድርጎ ያስተምራል፤ እነርሱም መልስ ሊሰጡ አይችሉም።