የሩዝ ገበሬ ቅልጥፍና እንዴት ይለካል?

በፎገራ ሜዳ ኩታ ገጠም ማሳ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች እኩል መሬት፣ ዘር፣ ማዳበሪያና ጉልበት አውለው አንዱ 40፣ ሌላው 30 ኩንታል ሩዝ አፈሱ እንበል። አርባው ሊደረስበት የሚችለው ጣሪያ ከሆነ፣ የሁለተኛው ቴክኒካዊ ቅልጥፍና 75 በመቶ ነው። ይህን አለካክ በአውሮፓውያኑ 1957 ያቀረበው እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ማይክል ፋረል ነው። ዋጋን የሚያይ ሌላ መለኪያም አክሎበታል፤ ምርቱ ጥሩ ሆኖ ውድ ማዳበሪያ ከልክ በላይ የሚበትን ገበሬ ገንዘቡን ያባክናልና።

ጉድለት ሁሉ ግን የገበሬው ጥፋት አይደለም። ሜዳውን የሚያቋርጡት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ቡቃያውን ሊያሰጥሙት ይችላሉ። በአውሮፓውያኑ 1977 የወጣው ስቶካስቲክ ፍሮንቲየር የተባለው ስሌት ጉድለቱን ለሁለት ይከፍለዋል፤ አንዱ የአጋጣሚ፣ ሌላው የአሠራር ድርሻ ነው።

ስሌቱ ከመረጃው አይሻልም። ከሁሉ የሚከብደው ጉልበትን መቁጠር ነው። አረሙን በእጅ የሚነቅሉት እናት፣ ከትምህርት ቤት የተመለሱ ልጆችና በወንፈል የመጡ ጎረቤቶች ናቸው፤ ሰዓታቸውን የሚመዘግብ የለም። የእነሱ ድካም ካልተቆጠረ ቤተሰቡ በጥቂት ጉልበት ብዙ ያመረተ ይመስላል፤ ይህም በደከሙት ላይ ትልቅ በደል ነው። በጥማድ የሚነገር መሬትም ግምት ነው፤ በጂፒኤስ ካልተለካ፣ ተጋንኖ የተነገረ ማሳ ጎበዙን ገበሬ ሰነፍ ያስመስለዋል።