የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ብቻውን አይሁን

በአንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምሩ ሦስት አራት መምህራን ሊኖሩ ይችላሉ፤ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ሲቸግረው የሚያማክረው የሙያ ባልደረባ አጠገቡ የለም። ስለዚህ ስለ አዳዲስ የኢንተርኔት መሣሪያዎች ስናወራ ከመሣሪያው በፊት የሙያ ኅብረቱን ማሰብ ይገባናል። ኮሃን እንውሰድ፤ በኒውዚላንድ ተሠርቶ በ2000 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረ፣ መጻሕፍት የሚመዘገቡበትና የሚዋሱበት ነጻ ሶፍትዌር ነው። ያለ ክፍያ ቢገኝም መጫኑ፣ መረጃውን በመጠባበቂያ መያዙ፣ ሲበላሽም መጠገኑ ዕውቀት ይጠይቃል። እስከ ዛሬ የዘለቀውም በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች ጉድለቱን እየተጠቋቆሙና ያሻሻሉትን እየተካፈሉ ስለሚሠሩበት ነው።

«ኢንተርኔት በሌለበት እንዲህ ያለ መሣሪያ ምን ይፈይዳል?» የሚሉ አሉ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሆኖም ኮሊብሪ የተባለው የትምህርት መድረክ የተሠራው ለዚሁ ነው፦ ይዘቱ አንዴ ከወረደ በኋላ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የደቡብ አፍሪካው አፍሪካን ስቶሪቡክም በአፍሪካ ቋንቋዎች የተጻፉ የልጆች ታሪኮችን ያቀርባል፤ ፈቃዱ ማተምንም መተርጎምንም አይከለክልም። መስመር ያለው ባለሙያ ያወረደውን፣ መስመር ለሌለው ባልደረባው በፍላሽ ሊያደርስ ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ከተዋወቁ ብቻ ነው። ለእኔ ከኢንተርኔቱ ይልቅ የሚከብደው የጊዜ ጉዳይ ነው። ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ ሲያውስና ሲረከብ የሚውል ሰው መቼ ይማር? ርእሳነ መምህራን ሆይ፣ ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያችሁ በሳምንት ጥቂት ሰዓት፣ ከባልደረቦቹ ጋር የሚማርበት፣ በሥራ ሰዓቱ ውስጥ መድቡለት።