ጭብጨባና ሜዳ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ ጥቂት ቃል የምናገረው፣ አንድ ዝነኛ ስፖርተኛ የሕዝብን ልብ ወደ ስፖርቱ እንዴት እንደሚስብ ነው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ ሮማ ላይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ አንደኛ ወጣ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ቶኪዮ ላይ ድሉን ደገመው። ማራቶን የሚለው የባዕድ ቃል በአገራችን እንደ ቤት ቃል የተለመደው በእርሱ ነው።

የእርሱ ፍሬ በዚያ አላበቃም። በ1961 ዓ.ም. ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ ማራቶንን አሸነፈ። በ1972 ዓ.ም. ምሩጽ ይፍጠር ሞስኮ ላይ በ5,000ና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያገኝ፣ አንድ የአርሲ ሕፃን ወሬውን በራዲዮ ይሰማ ነበር። ይኸውም ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። ኃይሌ ግን ሰምቶ ብቻ አልቀረም፤ ደብተሩን በብብቱ ይዞ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥ ነበር። በ1988 ዓ.ም. እርሱም በተራው አትላንታ ላይ ወርቅ አገኘ። ደራርቱ ቱሉም በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ስታሸንፍ፣ ሩጫ የሴት ልጅም መሆኑን ለብዙ እናትና አባት አሳየች።

ጓደኞቼ ሆይ! አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ታምራት ቶላ ፓሪስ ላይ ማራቶንን ሲያሸንፍ በደስታ ጮኽን። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ሜዳችን ጠዋት ጠዋት በሯጭ ተሞላ። ኅዳር ሲገባ ግን የቀጠሉት ሁለት ልጆች ብቻ ነበሩ። ከቀሩት አንዱ እኔ ነኝ። ብርዱ አሸነፈኝ።

እንግዲህ ከዚህ የተማርኩት ይህ ነው፤ ጀግናው ከመኝታችን ይቀሰቅሰናል እንጂ እኛን ተክቶ አይሮጥም። ጭብጨባ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ልምምድ ግን ሌላ ጀግና ያወጣል።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፣ ወንዱንም ሴቷንም ልጃችሁን በማለዳ ልቀቁልን። መምህራኖቻችንም ፈተና ሲቃረብ የስፖርቱን ክፍለ ጊዜ አትውሰዱብን። እኔም ከነገ ጀምሮ ጠዋት በ12 ሰዓት ሜዳው ላይ እገኛለሁ። የሚከተለኝ ይምጣ፤ እነዚያ ሁለቱ ግን ቀድመውኛልና እኔ እነርሱን እከተላለሁ።