ግማሹ የሞተ የብርሃን መስመር
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ሦስት ተማሪዎች ሆነን ወደ ከሚሴ ወርደን ነበር። ከሚሴ፣ እንደምታውቁት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በቦርከና ወንዝ አካባቢ የምትገኝ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። የሄድነው ዘመድ ለመጠየቅ ነበር፤ ነገር ግን «እናንተ የኤሌክትሪክ ተማሪዎች አይደላችሁምን? እስቲ እዩልን» ተባልንና በአንድ መሥሪያ ቤት የታመመ የኮምፒዩተር መረብ ለማየት ገባን።

መሥሪያ ቤቱ ሦስት ሕንፃዎች አሉት፤ እነርሱም አስተዳደሩ፣ መዝገብ ቤቱና ቤተ መጻሕፍቱ ናቸው። በያንዳንዱ አንድ ብሪጅ፣ በዛሬው አጠራር ስዊች፣ ተቀምጧል። ሦስቱ ብሪጆች በፋይበር፣ ማለት በቀጭን የመስታወት ክር፣ ክብ ሠርተው ተያይዘዋል። መረቡ ከቆመ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። ለምዝገባ ከባቲና ከደዌ ሐረዋ የመጡ ወጣቶች «ነገ ተመለሱ» እየተባሉ የመሳፈሪያ ገንዘባቸውን ጨርሰው በበሩ ተቀምጠዋል። ምክንያቱ ሲጠየቅ የሁሉም መልስ «የዋናው መስመር ችግር ነው» የሚል ነበር። በዚህ አንፈርድም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከሚሴ በደረሰ ጊዜ ስልኩም ኢንተርኔቱም ተቋርጦ ስለ ነበር፣ ሕዝቡ መጠበቅን ተምሯል።

ነገር ግን አንዱ ሕንፃ ከጎረቤቱ ሕንፃ ጋር እንኳ መነጋገር አልቻለም። ይህ ከግቢ ውጭ ካለ መስመር የሚመጣ ሕመም አይደለም። ደግሞም የብሪጆቹ መብራቶች ሁሉ ባንድነት ያለ ዕረፍት ይርገበገቡ ነበር። ስለዚህ መስመሮቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመርን። መዝገብ ቤቱንና ቤተ መጻሕፍቱን የሚያገናኘውን ስንነቅል መረቡ ወዲያው ጸጥ አለና ሥራ ጀመረ። መልሰን ስንሰካው ደኅና ቆየ፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ግን እንደገና አበደ።

ይህ ለምን ሆነ? ብሪጆች ክብ ሠርተው ሲያያዙ አንድ መልእክት በክቡ ውስጥ ያለ ማቋረጥ ሊዞር ይችላል፤ በዚያ ደረጃ መልእክቱን «አርጅተሃል፣ ሙት» የሚለው የለምና። ለዚህ መድኃኒት የሆነውን ስፓኒንግ ትሪ የተባለውን ሥርዓት ራዲያ ፐርልማን በ1985 እ.ኤ.አ. አወጣች። በሥርዓቱ መሠረት ብሪጆቹ በየ2 ሴኮንዱ የሰላምታ መልእክት ይላላካሉ፤ ከክቡም አንዱን በር ዘግተው ለክፉ ቀን ያኖሩታል። የተዘጋው በር 20 ሴኮንድ ሰላምታ ካልሰማ «ጎረቤቴ ሞቷል» ይላል፤ ሁለት ጊዜ 15 ሴኮንድ ከጠበቀ በኋላም ይከፈታል። ድምሩ 50 ሴኮንድ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። የፋይበር መስመር ሁለት ክር አለው፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። የተዘጋው በር ያለው በቤተ መጻሕፍቱ ነበር። ከመዝገብ ቤት ወደዚያ የሚመጣው ክር ታሞ ሰላምታው ቀረ፤ ወደ መዝገብ ቤት የሚሄደው ክር ግን ደኅና ነበር። በሩ ጎረቤቱ ዝም ያለ መስሎት ሲከፈት፣ መልእክቱ በደኅናው ክር ገብቶ መዞር ጀመረ። መስመሩ ፈጽሞ ቢሞት ኖሮ ማንም ባልተጎዳ ነበር፤ የጎዳን ግማሽ ሞቱ ነው።

ይህን ማን ሸሸገው? በብሪጁና በክሩ መካከል ብርሃንን ወደ መዳብ የምትለውጥ ትንሽ ሣጥን ነበረች። ብሪጁ የሚያየው ሣጥኗን እንጂ ክሩን አይደለም፤ አረንጓዴው መብራት ስለ በራ ሁሉም ደኅና መሰለ።

ከኮምቦልቻ የብርሃን መለኪያ ተዋስን። ከመለካት በፊት ማስላት ይገባል። ለ1 ኪሎ ሜትር ክር 0.35 ዴሲቤል፣ ለአንድ ማያያዣ እስከ 0.5፣ ለአንድ ብየዳ 0.1 ብንይዝ፣ በዚያ አጭር መስመር ከ2 ዴሲቤል የበለጠ ሊጠፋ አይገባም። ከሁለቱም ወገን የተላከው −6 ዲቢኤም ነበር። በመዝገብ ቤት የደረሰው −8 ሆነ፤ በቤተ መጻሕፍቱ የደረሰው ግን −24፣ ማለት ሊደርስ ከሚገባው ከ40 አንድ እጅ ብቻ።

ቻርልስ ካኦ በ1966 እ.ኤ.አ. ብርሃንን የሚያጠፋው የመስታወቱ እድፍ መሆኑን አስረድቶ ነበር፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ለዚህ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ዛሬ መስታወቱ እጅግ ስለ ጠራ፣ መጀመሪያ መጠርጠር የሚገባው ጫፉ ነው። ብርሃኑ የሚያልፍበት የክሩ ልብ 9 ማይክሮ ሜትር ያህል ስለሆነ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ልትጋርደው ትችላለች። ጫፎቹን ጠረግን፤ አልተሻለም። ያን ጊዜ የቤተ መጻሕፍቱ ዘበኛ፣ ሸምገል ያሉ ሰው፣ «ልጆቼ፣ ያን መደርደሪያ ከትናንት ወዲያ ወደ ግድግዳው አስጠግተውታል» አሉን። ከኋላው አንደኛው ክር ታጥፎ ተቀጥቅጦ አገኘነው። በአዲስ ስንለውጠው −8 አነበብን። ከቀትር በኋላ ምዝገባው ተጀመረ።

ከዚህ የተማርነውን በአጭሩ እንንገራችሁ። ሩቁን ከመክሰስ በፊት ቅርቡን መርምሩ። መስመሩን ከሁለቱም ጫፍ፣ እያንዳንዱን ክር ለብቻው ለኩ። የሚያስተላልፈው ብርሃን ለዓይን ስለማይታይና ዓይንን ስለሚጎዳ በክሩ ጫፍ አትመልከቱ። በአረንጓዴ መብራት ብቻ አትታለሉ። በዚያ የሚሠሩትንም ሰዎች ጠይቁ፤ እኛ ዘበኛውን መጀመሪያ ብንጠይቅ ኖሮ ግማሽ ቀን በተረፈልን ነበር።

የወሎ አበጋሮች ጠብ ሲያበርዱ የሁለቱንም ወገን ቃል ይሰማሉ። ብሪጁ ያጣው ይህን ጥበብ ነው። እኛም በማኅበራችን ስብሰባ አንድ ወገን ዝም ሲል «ተስማምቷል» እያልን እናልፋለን። ምናልባት ድምፁን የሚያመጣው ክር ታጥፎ ይሆናልና፣ በሩን ከመክፈታችን በፊት ሄደን እንይ።